የመስኖ ፓምፕ ኢንቨርተር ሲበላሽ ጥፋቱን ለይቶ ማወቅ

ኢንቨርተር የፓምፑን ሞተር (ዲናሞ) ፍጥነት የሚቆጣጠር መሣሪያ ነው። በመስኖ ወቅት ሲቆም ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ውሃ ስለሚጠማው ማኅበራት ተጣድፈው መሣሪያውን ነቅለው ወደ ከተማ ይልካሉ። እኛ ባየነው አንድ የመስኖ ማኅበር ግን ጥፋቱ የተገኘው ከኢንቨርተሩ ሳይሆን ውሃ ከገባበት የኬብል መጋጠሚያ ነው። ስለዚህ ከመንቀል በፊት መለየት ይገባል።

አሠራሩ፦ ከመስመር የሚመጣው ኮረንት በዳዮዶች ወደ ቀጥተኛ ኮረንት ይለወጣል፤ በካፓሲተሮች ይጠራቀማል፤ ከዚያም ትራንዚስተሮች እየቆራረጡ በተፈለገው ፍጥነት ልክ ለሞተሩ ይሰጡታል።

ጥንቃቄ፦ በ380 ቮልት በሚሠራ ኢንቨርተር ውስጥ ካፓሲተሮቹ 540 ቮልት ያህል ይይዛሉ። ብሬከሩ ከጠፋ በኋላም ይህ ኃይል ስለሚቆይ ሰው ሊገድል ይችላል። ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት በመሣሪያው ላይ የተጻፈውን ጊዜ፣ ካልተጻፈም ቢያንስ 15 ደቂቃ መጠበቅና ኃይሉ ማለቁን በቴስተር ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ከሆነ የፓነሉም መስመር ይቋረጥ።

የምርመራው ቅደም ተከተል፦

1ኛ/ በመስኮቱ ላይ የሚታየው የጥፋት ምልክት ከመጥፋቱ በፊት ይመዝገብ።

2ኛ/ ሦስቱም ፌዞች እኩል መምጣታቸው ይለካ። አንዱ ከጎደለ ፊውዝና ብሬከር ይታይ።

3ኛ/ ኃይሉ ጠፍቶ የመቆያው ጊዜ ካለፈ በኋላ የሞተሩ ኬብል ከኢንቨርተሩ ይፈታ። የሦስቱ ጥቅሎች ልኬት እኩል መሆን አለበት። በ500 ቮልት ሜገር ወደ መሬት ሲለካ ከ1 ሜጋኦም በታች ከሆነ ጥፋቱ በኬብሉ ወይም በሞተሩ ነው። ኬብሉ ሳይፈታ በሜገር መለካት ኢንቨርተሩን ያቃጥላል።

4ኛ/ ሞተሩ እንደተፈታ ኢንቨርተሩ ይሞከር። የኮረንት ብዛት ምልክት አሁንም ከታየ ጥፋቱ በውስጡ ነው፤ ካልታየ በመጀመሪያ ኬብሉንና ሞተሩን መጠርጠር ይገባል።

እድሳት፦ አቧራ ማጽዳት፣ የላላ ብሎን ማጥበቅና የቆመ ማቀዝቀዣ ፋን መለወጥ በማኅበሩ ሊሠራ ይችላል። ያበጠ ካፓሲተርና የተቃጠለ ትራንዚስተር ለኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ይተው። ባለሙያውም ትራንዚስተሩን የሚያዘው ሰሌዳ ደህና መሆኑን ሳያረጋግጥ አዲስ ቢገጥም እሱም መልሶ ሊቃጠል ይችላል። የተቃጠለ ፊውዝን በሽቦ መተካት ፈጽሞ አይፈቀድ።

የልማት ሠራተኞች ይህን ቅደም ተከተል በፓምፕ ቤቱ ግድግዳ ላይ እንዲለጥፉና መሣሪያው ሲላክ የልኬቱ መዝገብ አብሮ እንዲሄድ እንዲያደርጉ እናሳስባለን።