ልጅ የማያነበው የአባት ግጥም፡ ስለ ጃፓን ተወላጅ አሜሪካውያን ሥነጽሑፍ

በዩናይትድ ስቴትስ የሚኖሩ የጃፓን ተወላጆች ራሳቸውን በትውልድ ቁጥር ይጠራሉ። ከአገሩ የወጣው «ኢሴይ»፣ ልጁ «ኒሴይ»፣ የልጅ ልጁ «ሳንሴይ» ይባላል፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ትውልድ ማለት ነው። ልብ የሚባለው ቆጠራው የሚጀምርበት ቦታ ነው። እኛ ሰባት ቤት ስንቆጥር ወደ አያት ቅድመ አያት እንወጣለን፤ የእነርሱ ግን ባሕሩን ከተሻገረው ሰው ተነሥቶ ወደ ታች ይወርዳል።

ስሞቹን ያጸናቸው ባህል ብቻ አይመስለኝም፤ ሕግም አለበት። በ1924 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ከጃፓን የሚመጣውን ፍልሰት ዘጋ። አዲስ መጪ በመጥፋቱ ወላጆች በአንድ ወገን፣ ልጆች በሌላ ወገን ተለይተው ቀሩ። ኢሴዮች፣ ከጥቂቶች በቀር፣ እስከ 1952 ድረስ ዜግነት ተከልክለው ነበር፤ እዚያው የተወለዱት ልጆቻቸው ግን በልደት ዜጎች ናቸው።

የሥነጽሑፉም መከፈል ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ኢሴዮች በካሊፎርኒያ፣ በፍሬዝኖና በስቶክተን፣ ሃይኩ የተባለውን አጭር ግጥም በጃፓንኛ የሚገጥሙባቸው ማኅበራት ነበሯቸው። በ1941 ፐርል ሃርበር ሲደበደብ ብዙ ቤተሰቦች እንዳይጠረጠሩ በመስጋት በጃፓንኛ የተጻፈ ወረቀታቸውን አቃጠሉ። በ1942 ወደ 120,000 የሚጠጉ ሰዎች፣ ሁለት ሦስተኛው ያህል ዜጎች፣ በካምፕ ታጎሩ። ገጣሚዎቹ እዚያም መግጠማቸውን አልተዉም። ብዙው ኒሴይ ግን እነዚህን ግጥሞች ማንበብ አይችልም፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭ የተማረው ጃፓንኛ ለቤት ጉዳይ እንጂ ለቅኔ አይበቃም።

ስለዚህ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ጻፉ። የጆን ኦካዳ «ኖ ኖ ቦይ» (1957) በአሜሪካ ሠራዊት አልዘምትም ብሎ ስለታሰረና ወደ ሲያትል ስለተመለሰ ወጣት የሚተርክ ልቦለድ ነው። እናቱ ጃፓን ጦርነቱን እንዳሸነፈች ታምናለች፤ ንግግሯ በጃፓንኛ ነው፤ ደራሲው ግን ለአንባቢ የሚያሰማን በእንግሊዝኛ ነው። (ኦካዳ ራሱ በዚያው ሠራዊት ያገለገለ ሰው ነው።) መጽሐፉን የገዛ ወገኖቹ እንኳ ፊት ነሡት። ደራሲው በ1971 ሞተ፤ በ1976 ወጣት የእስያ ተወላጅ ጸሐፊዎች እንደገና አሳተሙት።

አንዳንድ አጥኚዎች ይህን ሥነጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ድርሰት ይጀምሩታል። እኔ አልስማማም፤ የእናትየው ጃፓንኛ ከልቦለዱ ውጭ የራሱ ሥነጽሑፍ ነበረውና። በካምፕ ታስረው የነበሩት ገጣሚ ቫዮሌት ካዙዌ ዴ ክሪስቶፎሮ ከጥፋት የተረፉትን የካምፕ ሃይኩዎች ሰብስበው፣ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው በ1997 አሳትመዋል። አያቶቹ የገጠሙትን ብዙው ሳንሴይ የሚያነበው በዚያ ትርጉም ነው።