ከአባት ተረት የተወለደው መጽሐፍ

«ልጄ የዕብራይስጥ መጽሐፍ ያነባል፤ እኔ ግን ከአገር ቤት ይዤ የመጣሁት ተረት ብቻ ነው» የሚሉ ወላጆች ጥቂት አይደሉም። ውድ አንባቢያን፣ ተረት የሚናቅ ነገር አይደለም። በዓለም ላይ እጅግ ከተነበቡት መጻሕፍት አንዱ «ሆቢት» ነው፤ እርሱም አንድ አባት ማታ ማታ ለልጆቹ ይነግራቸው የነበረ ተረት ነው።

ይህ አባት እንግሊዛዊው ቶልኪን ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 በደቡብ አፍሪካ ተወለደ። በአራት ዓመቱ አባቱ፣ በአሥራ ሁለት ዓመቱ እናቱ ሞቱበት። የቋንቋ ፍቅር ያሳደረችበት እናቱ ነበረች። ካደገ በኋላ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ የልብ ጓደኞቹን አጣ። ከዚያም በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1937 የታተመው «ሆቢት» ከቤቱ መውጣት የማይወድ አንድ ትንሽ ፍጡር ሩቅ አገር ሄዶ፣ ፈርቶና በርትቶ እንደሚመለስ ይተርካል። በ1954 እና በ1955 «የቀለበቶቹ ጌታ» ተከተለው። ቶልኪን ለታሪኮቹ አዳዲስ ቋንቋዎችን ፈጠረ፤ የድንኮቹን ቋንቋም እንደ ዕብራይስጥና እንደ አማርኛ በሦስት ፊደል ሥር ላይ መሠረተው።

«ሆቢት» በዕብራይስጥ የተተረጎመበት ታሪክም የሚደነቅ ነው። በ1970 ገደማ የተማረኩ የእስራኤል ወታደሮች በግብፅ እስር ቤት በአንድ ክፍል ይኖሩ ነበር። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ደረሳቸው። ከእስረኞቹ አንዳንዶቹ እንግሊዝኛ ስለሚከብዳቸው፣ አራት የአየር ኃይል ሰዎች ለጓደኞቻቸው ሲሉ ተረጎሙት፤ አንዱ እያነበበ በዕብራይስጥ ይናገራል፣ ሌላው ይጽፋል። በ1973 ተፈቱ፤ ትርጉማቸውም በ1977 ታተመ።

በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ መንገድ፣ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ የኖረበት ቤት አለ። እርሱም ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በዕብራይስጥ ብቻ ሲያሳድግ ብዙዎች ስቀውበት ነበር። ቋንቋ የሚኖረው ወላጅ ለልጁ ሲናገረው መሆኑን ግን አውቆ ነበር። ለአማርኛችንም ይኸው ነው።

እንግዲህ ከልጃችሁ ጋር በአካባቢያችሁ ወዳለው ስፍሪያ ሂዱና «ሆቢት»ን ተዋሱ። ልጁ በዕብራይስጥ አንድ ገጽ ያንብብና ያነበበውን በአማርኛ ይንገራችሁ። ቃል ሲጠፋው እናንተ አቀብሉት። ከዚያ ተራው የእናንተ ነው፤ «ተረት ተረት» ብላችሁ ስለ ጅቡና ስለ ጦጣዋ አውሩለት። ልጁ ዕብራይስጥ ያስተምራችኋል፤ እናንተም ከየት እንደመጣ ታስተምሩታላችሁ።