ለሽባ ፊት ፈገግታን ለመመለስ የማሴተር ነርቭን ፈልጎ ስለማግኘት

ሰባተኛው የራስ ቅል ነርቭ፣ ማለትም የፊት ነርቭ፣ በዕጢ፣ በአደጋ ወይም በቀዶ ሕክምና ምክንያት ሲቋረጥ ታማሚው ዓይኑን መክደን፣ ምግብን በአፉ መያዝና ፈገግ ማለት ያቅተዋል። ነርቭ ያጡት የፊት ጡንቻዎች ደግሞ ለረጅም ጊዜ አይጠብቁም፤ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ አዲስ የነርቭ ምንጭ ካላገኙ ከስተው ወደ ሥራ የመመለስ ዕድላቸው እጅግ ይጠባል። የተቋረጠውን ነርቭ በቀጥታ መጠገን በማይቻልበት ጊዜ ከሌላ ስፍራ ነርቭ መዋስ ግድ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ከሚዋሱት ነርቮች አንዱ የማሴተር ጡንቻ ነርቭ ነው። ማሴተር ጥርስን ግጥም ሲያደርጉ በመንጋጋ ማዕዘን ላይ ጠጥሮ የሚዳሰሰው የማላመጫ ጡንቻ ነው። ነርቩን ከፊት ነርቭ ጋር የማጋጠሙን ዘዴ ስፒራ እ.ኤ.አ. በ1978 በጽሑፍ አቅርቦታል። ነርቩ ለፊት ነርቭ ቅርንጫፎች ቅርብ በመሆኑ ብዙውን ጊዜ መሸጋገሪያ የነርቭ ንቅለ ተከላ ሳያስፈልግ ሊጋጠም ይችላል። በተቆጠሩ ናሙናዎች ውስጥ በአማካይ ወደ 1500 የሚጠጉ አክሰኖች ተገኝተውበታል፤ ከጤነኛው የፊት ጎን በንቅለ ተከላ ተሻግረው ከሚደርሱት አክሰኖች ጋር ሲነጻጸር ይህ ብዙ ነው። ቴምፖራሊስን የመሳሰሉ ሌሎች ጡንቻዎች ስለሚያግዙም የማላመጥ ተግባር እምብዛም አይጓደልም።

ችግሩ ነርቩ በጡንቻ ውስጥ የተደበቀ መሆኑ ነው። ከአምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ የታችኛ መንጋጋ ቅርንጫፍ ተነሥቶ፣ በመንጋጋ አጥንት ላይኛው ጫፍ፣ በሁለቱ ጉጦች መካከል ባለው ስርጉድ በኩል ይሾልክና ከማሴተር ሥር ይገባል። ከዚያ በጡንቻው ንብርብሮች መካከል ወደ ታችና ወደ ፊት ያዘነብላል። ያለ ምልክት የሚቆፍር ሐኪም ጡንቻውን ያደማል፤ ደም በሸፈነው ስፍራ ደግሞ ቀጭን ነርቭን ለይቶ ማየት አስቸጋሪ ነው።

ቦርሼልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት ነርቩ ከጆሮ ፊት ካለችው ትራገስ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት፣ ከጉንጭ አጥንት ቅስት 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች፣ ስማስ ከሚባለው የፊት ሽፋን ደግሞ 1.5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ እንደሚገኝ አመለከቱ። ልኬቱ ለማስታወስ ቀላል ነው። ሆኖም ትራገስ ለስላሳና ተንቀሳቃሽ ናት፤ የሕፃንና የጎልማሳ ፊትም እኩል አይሰፋም። ስለዚህ ቁጥሩ የፍለጋውን መነሻ እንጂ የነርቩን አድራሻ አይሰጥም ቢባል ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2013 ኮላርና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ከጉንጭ አጥንት ቅስት በታች ያለ ሦስት ማዕዘን ይህን ጉድለት ያቃልላል፦ ከላይ ቅስቱ፣ ከኋላ በመንጋጋ መገጣጠሚያ በኩል የሚወርድ ቀጥ ያለ መስመር፣ ከፊትና ከታች ደግሞ ወደ ግንባር የሚሄደው የፊት ነርቭ ቅርንጫፍ ያዋስኑታል። ድንበሮቹ ከታማሚው ፊት ጋር አብረው ስለሚሰፉና ስለሚጠቡ ሐኪሙ በማስመሪያ ብቻ አይመራም።

የመጨረሻው ማረጋገጫ የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ነው። የተነካው ክር ነርቩ ከሆነ ማሴተር ይኮማተራል፤ መንጋጋም ይገጥማል። ለዚህ ሲባል የሰመመን ባለሙያው በዚያ ሰዓት ጡንቻን የሚያዝል መድኃኒት እንዳይሰጥ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ይህች ትንሽ ስምምነት ስትረሳ ትክክለኛው ነርቭ በእጅ እያለ ዝም ይላል። ነርቩ ከተለየ በኋላ ወደ ታች ተከትለው ቢቆርጡት ርዝመት ይገኛል፤ ወደ ጡንቻው የሚገቡት የላይኞቹ ቅርንጫፎችም ይተርፋሉ።

ከወራት በኋላ እንቅስቃሴው ሲመለስ ታማሚው መጀመሪያ ፈገግ የሚለው ጥርሱን ሲነክስ ነው። በመስታወት ፊት በሚደረግ ልምምድ ብዙዎች ሳይነክሱ ፈገግ ማለትን ይለምዳሉ። ሳያስቡት የሚመጣው ፈገግታና ፊት ሲያርፍ የሚኖረው ውጥረት ግን በዚህ ነርቭ ብቻ ሁልጊዜ አይሟሉም፤ በዚህም ምክንያት አንዳንድ ሐኪሞች ከጤነኛው ጎን የሚሻገር ንቅለ ተከላ ያክሉበታል።