ከጋሽ ወንዝ ዳር እስከ ዱባይ ሜዳ፦ የምሥራቅ ሱዳን የሩጫ ግመል

በገዳሪፍና በከሰላ መንገድ ሲያልፍ ግመል ሁሉ አንድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ማሽላና ሰሊጥ ተሸክሞ የሚሄደው ግመል አጥንቱ ወፍራም፣ ደረቱ ሰፊ፣ እርምጃው የረጋ ነው። ዓናፊና ቢሻሪ የሚባሉት ግን ሌላ ፍጥረት ናቸው። እግራቸው ረጅምና ቀጭን፣ ሆዳቸው የተሰበሰበ፣ አንገታቸው መለሎ ነው፤ የሚረቡትም ለጭነት ሳይሆን ለግልቢያ ነው። ቢሻሪ ስሙን የወሰደው በቀይ ባሕር ኮረብታዎች ከሚኖሩት የቤጃ ወገኖች ከቢሻሪን ነው። ዓናፊ ደግሞ የቡጣናና የአካባቢው አርቢዎች ኩራት ነው።

ክረምት ሲገባ የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ጭቃ ይሆናል። የግመል ሰፊና ለስላሳ መዳፍ አሸዋ ላይ እንጂ ጭቃ ላይ አይጸናም፤ ዝንቡም አያስቀምጥም። ስለዚህ እረኛው መንጋውን እየነዳ ሣር ወዳለበት ወደ ቡጣና ሜዳ ይወጣል፣ በጋ ሲሆን ይመለሳል። ግልገሉ ገና እናቱን እየጠባ ረጅም መንገድ ይለምዳል።

ከሰላ ዙሪያ በሩጫ ግመል ስማቸው የሚነሣው ራሻይዳዎች ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዐረቢያ ቀይ ባሕርን ተሻግረው የመጡ ሲሆን ዛሬ በምሥራቅ ሱዳንና በኤርትራ ይኖራሉ። መንጋቸው በአብዛኛው እንስት ነው፤ ወንዱን ይሸጣሉ፣ ለዘር የሚያስቀሩት ጥቂት ብቻ ነው። የግመል ዘር የሚቆጥሩትም በእናት በኩል ነው፦ የእገሊት ልጅ፣ የእገሊት የልጅ ልጅ እያሉ እስከ 7 ትውልድ በቃላቸው ይወጣሉ። ግመል 13 ወር ገደማ አርግዛ አንድ ብቻ ስለምትወልድ፣ ያልታሰበበት ድቀላ አርቢውን ዓመታት ያስከፍለዋል። ያን ሁሉ ሐረግ በቃል መያዛቸው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

የዚህ ግመል ትልቁ ገበያ ከባሕሩ ማዶ ነው። በኤምሬቶች፣ በኳታርና በሌሎቹ የባሕረ ሰላጤ አገሮች የግመል እሽቅድምድም ብዙ ገንዘብ የሚፈስበት ስፖርት ሆኗል። ውድድሩ እንደ ግመሉ ዕድሜ ከ4 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ባለቤቶቹ ከሜዳው ጎን በመኪና እየተከተሉ ይጮኻሉ። ደንቡ የሚወጣው እዚያ ነው፤ ውጤቱ ግን ከሰላ ድረስ ይደርሳል።

በጣም የከፋው ውጤት በልጆች ላይ የደረሰው ነው። ግመሉን የሚያዘገየው የጋላቢው ክብደት ነውና፣ ለብዙ ዓመታት ኮርቻው ላይ የሚወጡት ትንንሽ ልጆች ነበሩ። ከፓኪስታን፣ ከባንግላዲሽ፣ ከሞሪታንያና ከሱዳን ይወሰዱ ነበር፤ ከምሥራቅ ሱዳንም ሄደዋል። ክብደት እንዳይጨምሩ ምግብ ይቀነስባቸው ነበር፣ ከግመል ወድቀው የተሰበሩና የሞቱም አሉ። በኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ1993 የልጆች ግልቢያ ቢከለከልም ክልከላው ወረቀት ላይ ቀረ። በ2002 ጋላቢው ከ15 ዓመትና ከ45 ኪሎ በታች እንዳይሆን ተደነገገ፤ ይህም በተግባር ብዙ አልተያዘም። በ2005 የዕድሜው ወሰን ወደ 18 ከፍ አለ፣ ልጆቹም በዩኒሴፍ እገዛ ወደየአገራቸው መመለስ ጀመሩ።

ልጆቹን ከኮርቻው ያወረደው ግን ሕጉ ብቻ አልነበረም፤ በማሽንም ተተኩ። ኳታር ከአንድ የስዊስ ኩባንያ ጋር ያሠራችው የመጀመሪያው ሮቦት ሰው እንዲመስል ተደርጎ ልብስ የለበሰ ከባድ ዕቃ ነበር። በኋላ የመጡት በጣም ቀለሉ፤ ጥቂት ኪሎ ብቻ ናቸው። አንዱን ቀረብ ብለን እንየው፦ ሻኛው ላይ በማሰሪያ የተጠፈረ ትንሽ አካል፣ ከእጅ መሰርሰሪያ የተፈታ ሞተር፣ ሞተሩ የሚያሽከረክረው አለንጋ፣ ግመሏ የባለቤቷን ድምፅ የምትሰማበት ትንሽ ሬዲዮ። ባለቤቱ መኪናው ውስጥ ሆኖ ቁልፍ ሲጫን አለንጋው ይዞራል።

የክብደት ጣጣ የግመል ብቻ አይደለም። በመኪና እሽቅድምድሙ በፎርሙላ ዋንም ቀጭን ሾፌር ይጠቀም ስለነበር ረጃጅሞቹ ራሳቸውን በረሃብ ይቀጡ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ሾፌሩ ከነመቀመጫው ቢያንስ 80 ኪሎ እንዲሆን፣ የጎደለውም በተጨማሪ ክብደት እንዲሞላ ተደነገገ። የመኪናው ዓለም የተመዘነ ነው፤ ሚዛኑን የሚዘልል የለም። የግመሉ የ45 ኪሎ ደንብ ግን በየሜዳው ተግቶ የሚመዝን አላገኘም፣ የልደት ወረቀት የሌለው ልጅ ዕድሜም ባለቤቱ እንደነገረው ነበር። ሮቦት ግን ማንም ከሩቅ አይቶ ያውቀዋል። ደንብ ከመነሻው መስመር ላይ በዓይን ካልተጣራ ደካማውን አያድንም ብዬ የማምነው ይህን አይቼ ነው።

አሁን ክርክሩ ያለው ማን ከማን ጋር ይሰለፍ በሚለው ላይ ነው። ግመሎቹ በዕድሜና በጾታ ይለያሉ። በየጊዜው የሼኮች ግመሎች ለብቻ፣ የጎሳ አርቢዎች ግመሎች ለብቻ ይሮጣሉ፤ ይህ ባይሆን ኖሮ ተራው አርቢ ከቤተ መንግሥት በረት ጋር ተሰልፎ መቼም አያሸንፍም ነበር። ሌላው መለያ ደም ነው፦ የአገሬው ዘር ለብቻ፣ ከሱዳን ግመል የተዳቀለው ለብቻ። ለዓናፊ ደም የራሱ ምድብ እንዲወጣለት ያደረገው ፍጥነቱ ይመስለኛል። ይህ ለከሰላ አርቢ ክብርም ነው፣ አጥርም ነው።

ደንብ መለዋወጥ ቀላል እንዳልሆነ ፎርሙላ ዋን እ.ኤ.አ. በ2016 አይቶታል። በየ90 ሰከንዱ አንድ መኪና የሚያስወጣ አዲስ የማጣሪያ ሥርዓት አምጥቶ በሜልቦርን ሲሞክረው፣ ደቂቃዎች ቀርተው ሳለ መንገዱ ባዶ ሆነ፤ ተመልካች አዘነ፣ ቡድኖች ተቆጡ። ባሕሬን ላይ ደገሙት፤ በሦስተኛው ውድድር በቻይና ወደ ቀድሞው ሦስት ዙር ማጣሪያ ተመለሱ። ስህተቱ በሁለት ውድድር ታረመ። የግመል ምድብ ሲቀየር ግን የተሳሳተው ለመታረም አንድ ግልገል ተወልዶ እስኪያድግ ይጠብቃል፤ የሚከስረውም ከባሕሩ ማዶ ያለው አርቢ ነው።

ለከሰላ የሚያሳስበኝ የተለየው ምድብ አይደለም፤ ምድቡ የሚለይበት ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ዱባይ ውስጥ የመጀመሪያዋ ክሎን ግመል ኢንጃዝ ተወለደች። ጥሩ ደም በላቦራቶሪ ሲባዛ የሚታመነው የላቦራቶሪው ወረቀት ነው፤ የራሻይዳው የ7 እናቶች ቆጠራ ግን በገበያው ላይ ወሬ ይባላል። ይህ ቆጠራ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ተጽፎ፣ ከግመሉ ደም ናሙና ጋር በመዝገብ ቢቀመጥ፣ አርቢው ግመሉን ለደላላ በሚሸጥበት ቀን እናቱ ማን እንደነበረች የሚያሳይበት ነገር በእጁ ይኖረዋል። አርቢውም ደላላው በዱባይ የሚያገኘውን ዋጋ ሳያውቅ አይስማማም።