ኤልያስ ስሜ

ኤልያስ ስሜ (የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1968፣ አዲስ አበባ) ኢትዮጵያዊ ሠዓሊና ቀራፂ ነው። በተለይ የሚታወቀው አገልግሎታቸውን ከጨረሱ የኮምፒውተርና የስልክ ክፍሎች በሚሠራቸው ትልልቅ ሥራዎች እና ከመስከረም አሰግድ ጋር በመሠረተው ዞማ ሙዚየም ነው። በሥራዎቹ ሁሉ የሚደጋገም አንድ ሐሳብ አለ፦ የሰው እጅ የነካው ዕቃ የሰውን ታሪክ ይይዛል።

ትምህርትና የመጀመሪያ ሥራዎች

ኤልያስ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ግራፊክ ዲዛይን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1990 ተመረቀ። በኋላም በመርፌና በክር መሥራት ጀመረ፤ በሸራ ላይ ክር እየጠለፈና ያገለገሉ የልብስ ቁልፎችን እየሰፋ ሥዕል ይሠራል። በዚህ መንገድ በየቤቱ የሚታወቀው የጥልፍና የስፌት ሙያ ወደ ሥነ ጥበብ አዳራሽ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2009 መስከረም አሰግድና አሜሪካዊው የቴአትር አዘጋጅ ፒተር ሴላርስ የሥራዎቹን ትርኢት በካሊፎርኒያ፣ በሳንታ ሞኒካ የሥነ ጥበብ ሙዚየም አዘጋጁ።

«ታይትሮፕ»

ቃሉ በእንግሊዝኛ ሰው ሚዛኑን ጠብቆ የሚራመድበትን ውጥር ገመድ ያመለክታል። በዚህ ስም የሚጠሩት ተከታታይ ሥራዎች ጥሬ ዕቃቸው በአብዛኛው የሚገኘው ከመርካቶ ነው።

አሠራሩ ጊዜ ይፈጃል። የኤሌክትሪክ ሽቦው በቀለም እየተለየ እንደ ሹሩባ ይጎነጎናል፤ ከዚያም ከማዘርቦርድና ከኪቦርድ ቁልፎች ጋር በእንጨት ጣውላ ላይ ይያያዛል። ጣውላዎቹ ጎን ለጎን ሲገጠሙ አንዳንዱ ሥራ ግድግዳ ይሞላል። የሚታየው ቀለም በአብዛኛው የሽቦው የራሱ የፕላስቲክ ልባስ ስለሆነ፣ ለአንድ ሥራ የሚበቃ ሽቦ እስኪጠራቀም መጠበቅ ግድ ይላል። ሥራው ከሩቅ ሲታይ ከአውሮፕላን የሚታይ የእርሻ ማሳ ይመስላል። ሲቀርቡት ሰዎች ሲጫኗቸው የኖሩ የኪቦርድ ቁልፎች ይታያሉ።

የኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጭ አደገኛ ጎን አለው። ማዘርቦርድ መዳብና ጥቂት ወርቅ ይዟል፤ በአሮጌዎቹ ላይ ግን ክፍሎቹ የተበየዱት እርሳስ ባለበት ብየዳ ነው። መዳቡን ለማውጣት ሽቦ ሲቃጠል ልባሱ መርዛማ ጭስ ያወጣል፤ ጭሱን የሚተነፍሱትም እዚያው የሚሠሩና የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። የኤልያስ ሥራ ይህን ችግር አይፈታም፤ ዕቃው ከተጣለ በኋላ የት እንደሚደርስ ግን ያሳያል። ሌላው ጥያቄው ስለ ሰው ግንኙነት ነው። ስልክና ኮምፒውተር በሩቅ ያለውን ሰው ያቀርባሉ፤ ጎን ለጎን የተቀመጡትን ደግሞ ሊያራርቁ ይችላሉ። ስያሜው የሚያመለክተው ሚዛን ይህ ነው።

ዞማ ሙዚየም

ዞማ ሙዚየም በአዲስ አበባ፣ መካኒሳ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2019 ተከፈተ። መነሻው እ.ኤ.አ. በ2002 የተቋቋመው የዞማ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል ነው። የሥነ ሰብ ባለሙያና የኤግዚቢሽን አዘጋጅ የሆነችው መስከረምና ኤልያስ በተለያዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች እየተጓዙ ነባር የግንባታ ዘዴዎችን አጥንተዋል።

የግቢው ቤቶች የተሠሩት በጭቃ፣ በጭድ፣ በእንጨትና በድንጋይ ነው። በዚህ ዘዴ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ እንዲብላላ ይተዋል፤ ከዚያም ግድግዳው ላይ በእጅ ይለጠፋል። የዞማ ግድግዳዎች በጠመዝማዛ ቅርጾች ያጌጡ ናቸው። በግቢው ውስጥ የኤግዚቢሽን አዳራሽ፣ የአትክልት ቦታና የሕፃናት ትምህርት ቤት ይገኛሉ። የጭቃ ቤት በከተማ ብዙ ጊዜ የድህነት ምልክት ተደርጎ ይታያል፤ ሙያውን የሚያውቁ አዛውንቶች ሲያልፉም ዕውቀቱ አብሯቸው ሊጠፋ ይችላል። ዞማ ሙያው በአዲስ ሕንፃ ላይ ዛሬም ሊሠራ እንደሚችል በተግባር ያሳያል።

እውቅና

ኤልያስ እ.ኤ.አ. በ2019 የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሽልማትን አግኝቷል። ለ2020 የሁጎ ቦስ ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በቬኒስ ቢየናሌ ዋና ኤግዚቢሽን ላይ ሥራዎቹን አቅርቧል። በኒውዮርክ የሚገኘው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሥራውን በስብስቡ ይዟል።