ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ልጅቷ የት ታድራለች?

በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ጥቃት የማኅበራዊ ሚዲያው ዋና ርእስ ሲሆን፣ ክርክሩ በሙሉ ስለ ቅጣት ነበር። እስራቱ አነሰ፣ ሕጉ ላላ ተባለ። ከጥቃቱ የተረፈች ልጅ ዛሬ ማታ የት ታድራለች ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

በአገራችን ከቤተሰብ ውጭ የሚሰጥ የሕፃናት እንክብካቤ በዋናነት የረሃብ ልጅ ነው። አበበች ጎበና ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ሄደው፣ ከረሃብተኞቹ መካከል ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ፤ ማሳደጊያቸውም ከዚያ ተጀመረ። ኋላ ኤችአይቪ መጣና የማሳደጊያዎች ቁጥር በዛ። ጥር 2010 ዓ.ም. ፓርላማው የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከከለከለ ወዲህ ደግሞ የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ፣ የአደራ ቤተሰብና ከዘመድ መልሶ ማቀላቀል ይበልጥ ተፈላጊ ሆነዋል። ማሳደጊያ የመጨረሻው አማራጭ ነው።

ሐሳቡ ማስረጃ አለው። ቡካሬስት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረ ጥናት በማሳደጊያ የነበሩ 136 ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ተከታተለ፤ ወደ አደራ ቤተሰብ የገቡት፣ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት፣ በአእምሮ ዕድገት ልቀው ተገኙ።

ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል። መልሶ ማቀላቀል የታሰበው ወላጁን ላጣ ወይም ከቤተሰቡ ለተለየ ልጅ ነው። ጥቃት አድራሹ አባት፣ አጎት ወይም እንጀራ አባት ሲሆን «ወደ ዘመድ» ማለት ወዴት ማለት ነው? ሽማግሌ ይላካል፣ እናት «ቤቴ ይፈርሳል» ብላ ትለምናለች፣ ልጅቷ ቃሏን እንድትለውጥ ትባበላለች። ክስ እያለ እንዲህ ወዳለ ቤት መመለስ ለበዳይ አሳልፎ መስጠት ነው።

ስለዚህ መጠለያ ያስፈልጋል። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ልጆች ማደሪያ፣ ሕክምና፣ የሥነ ልቦና ምክርና የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው ባሉ የአንድ ማዕከል አገልግሎቶች ሐኪም፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ አንድ ቦታ ይገኛሉ። ለልጆች ምቹ በሆነው ችሎት ልጅቷ በሌላ ክፍል ከማኅበራዊ ሠራተኛ ጋር ትቀመጣለች። የዳኛው ጥያቄ በጆሮ ማዳመጫ ለሠራተኛዋ ይደርሳታል፤ እሷም በልጅ አፍ ታቀርበዋለች። ችሎቱ ምስሏን በቴሌቪዥን ያያል፣ ልጅቷ ግን ተከሳሹን አታይም።

ማገገም ግን ከምስክርነት በኋላም ይቀጥላል። የሥነ ልቦና ባለሙያ የለም የሚለው ምክንያት ብዙም አያስኬድም፤ ሉሳካ ውስጥ በ257 ልጆች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ ሠልጥነው ክትትል የሚደረግላቸው ተራ አማካሪዎች የልጆችን የሥነ ልቦና ጉዳት በእጅጉ እንደሚያቀሉ አሳይቷል።

በእኔ እይታ ትልቁ ክፍተት በመጠለያና በዘመድ መካከል ያለው ነው። መጠለያ ማረፊያ እንጂ ማደጊያ አይደለም። ለተጠቃ ልጅ ተብሎ የተመረጠ፣ የሠለጠነ፣ ከበዳዩ ጋር ዝምድና የሌለው የአደራ ቤተሰብ ያስፈልጋል። ለዚህ በጀት ካልተመደበ፣ ልጅቷ መጠለያውን ስትለቅ የሚቀራት በር ያመለጠችበት ቤት በር ብቻ ነው።