ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር፤ አመሠራረቱና ወጪው

ከመርካቶ እስከ ቦሌ፣ ከሐዋሳ እስከ ባሕር ዳር፣ በመደብሩና በፋብሪካው በር ላይ ከተሰቀለው ስም ቀጥሎ «ኃ.የተ.የግ.ማ.» የሚሉትን ፊደላት ያላየ የከተማ ሰው ባይኖርም፣ በእነዚህ ፊደላት የሚጠራው ተቋም በምን ሥርዐት እንደሚመሠረት፣ ለመመሥረቱ ምን ያህል ወጪ እንደሚጠይቅና ከተመሠረተም በኋላ በመሥራቾቹ ላይ ምን ዐይነት ግዴታ እንደሚያሳርፍ ጠንቅቆ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ብዙው ነጋዴ ማኅበሩን የሚያውቀው ከዕዳ እንደሚጋርድ ከለላ ብቻ ስለሆነና ከለላው በምን ዋጋ እንደሚገኝ፣ በምንስ ጥፋት እንደሚፈርስ አስቀድሞ ስለማይመረምር፣ ሕጉን የሚተዋወቀው ኪሳራ በደረሰበት ወይም ከሽርካው ጋር በተጣላ ጊዜ ነው። ስለዚህ ማኅበር ለመመሥረት የሚያስብ ሰው የተቋሙን ጠባይ፣ የአመሠራረቱን ተራና የወጪውን ልክ ከመነሻው ሊያውቅ ይገባዋል።

የማኅበሩ ሥርዐት ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም ማኅበሩ ከአባላቱ የተለየ፣ በገዛ ስሙ ንብረት የሚያፈራ፣ ውል የሚዋዋል፣ የሚከስና የሚከሰስ፣ በሕግ የሰውነት መብት የተሰጠው አካል መሆኑ ነው። ለአብነት ያህል፣ ሁለት እኅትማማቾች ዳቦ መጋገሪያ ሊያቋቁሙ አስበው፣ ታላቂቱ 400,000 ብር በጥሬ ገንዘብ፣ ታናሺቱም 200,000 ብር የተገመተ ምድጃ አዋጥተው ማኅበር ቢመሠርቱ፣ ማኅበሩም ከዱቄት አቅራቢ 900,000 ብር ዕዳ ገብቶ መክፈል ቢሳነው፣ ባለገንዘቡ የማኅበሩን ምድጃና የባንክ ሒሳብ፣ ማኅበሩ ከሌላው የሚጠይቀውንም ገንዘብ ሁሉ ሊያስይዝ ይችላል እንጂ የእኅትማማቾቹን መኖሪያ ቤት ሊያሸጥ አይችልም። ያዋጡት 600,000 ብር ሊጠፋ ይችላል፤ ከዚያ የተረፈው ዕዳ ግን፣ ሕጉን አክብረው እስከ ሠሩ ድረስ፣ በራሳቸው ላይ አይወድቅም። ይኸው ንግድ በአንዲቱ የግል ንግድ ፈቃድ ብቻ ተካሂዶ ቢሆን ኖሮ፣ በሕግ ፊት ነጋዴዋና ንግዷ አንድ ስለሆኑ፣ ዕዳው እስከ ቤቷ ይከተላት ነበር።

ይህ ዐይነቱ ማኅበር በዓለም የሕግ ታሪክ ውስጥ እጅግ ጥንታዊ አይደለም። የአክሲዮን ማኅበር ሥርዐት ለታላላቅ ሥራዎች ቢስማማም፣ ጥቂት የሚተማመኑ ሰዎች ለሚሠሩት መካከለኛ ንግድ ከባድ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1892 ጀርመን፣ በ1925 ደግሞ ፈረንሳይ ለዚሁ የሚሆን ቀለል ያለ ሕግ አወጡ። በአገራችንም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ታላላቆቹ ሕግጋት ሲዘጋጁ፣ የንግዱን ሕግ ረቂቅ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ኤስካራ ጀምሮት፣ እርሱ ካረፈ በኋላ የአገሩ ልጅ አልፍሬድ ዦፍሬ ከፍጻሜ አድርሶት፣ በ1952 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 166 ታወጀ። ያ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሁለት ያላነሱ፣ ከ50ም ያልበለጡ አባላት እንዲኖሩት፣ ካፒታሉም ከ15,000 ብር እንዳያንስ ደነገገ። በዘመኑ አንድ የአሜሪካ ዶላር በሁለት ብር ከሃምሳ ሳንቲም ገደማ ይመነዘር ስለ ነበር፣ 15,000 ብር ስድስት ሺህ ዶላር ያህል ዋጋ ያለው፣ ብዙ ነጋዴ በቀላሉ የማይደርስበት ገንዘብ ነበር።

ከ60 ዓመታት በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1243 ወጥቶ ስለ ነጋዴዎችና ስለ ንግድ ማኅበራት፣ ስለ መክሠርም የተጻፈውን የቀድሞውን ክፍል ሲተካ፣ የ15,000 ብሩን አኀዝ እንዳለ አቆየው፤ በዚህም ምክንያት ያን ጊዜ ከባድ የነበረው መነሻ ዛሬ በአዲስ አበባ ለአንድ ወር የመደብር ኪራይ እንኳ ብዙ ጊዜ የማይበቃ ሆኗል። አዲሱ ሕግ ካመጣቸው ለውጦች ዐቢዩ ግን አንድ ሰው ብቻውን ማኅበር ሊያቋቁም መቻሉ ነው። ቀድሞ ሕጉ ሁለት ሰው ይጠይቅ ስለ ነበር፣ ብዙዎች ለይስሙላ ያህል ሚስታቸውን ወይም ወንድማቸውን በጥቂት ድርሻ እያስገቡ ሲመዘገቡ ኖረዋል፤ አሁን ግን ባለአንድ አባል ማኅበር ስለ ተፈቀደ፣ መሥራቹ ቢሞት ወይም ሥራውን መምራት ቢያቅተው ማኅበሩን ተረክቦ የሚጠብቅ ሰው አስቀድሞ ከሰየመ፣ ብቻውን ሊመሠርት ይችላል።

ወደ አመሠራረቱ ስንመለስ፣ መጀመሪያ የሚደረገው የንግድ ስሙን ማስመርመር ነው፤ ምክንያቱም ከዚህ በፊት ከተመዘገበ ስም ጋር የሚመሳሰል፣ ሕዝቡን የሚያሳስት ወይም ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ የሆነ ስም አይመዘገብምና። ይህን የሚፈጽመው የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ወይም የክልሉና የከተማው ንግድ ቢሮ ሲሆን፣ ዛሬ ጥያቄው በኢንተርኔትም ሊቀርብ ስለሚችል ሦስት አራት አማራጭ ስሞችን አዘጋጅቶ መጠየቅ ድካምን ይቀንሳል።

ከስሙ ቀጥሎ የማኅበሩ ዋና መሠረት የሆነው የመመሥረቻ ጽሑፍ ይዘጋጃል። በዚህ ጽሑፍ የአባላቱ ስም፣ ዜግነትና አድራሻ፣ የማኅበሩ ስምና ዋና መሥሪያ ቤት፣ የሚሠራው የንግድ ዐይነት፣ የካፒታሉ ልክ፣ የየአባሉ ድርሻ፣ በዐይነት የተዋጣው ንብረትና ግምቱ፣ የትርፍ አከፋፈሉ፣ የሥራ አስኪያጁም ማንነትና ሥልጣን ይገለጣል። የአገራችን ሰው ዕቁብ ሲጥል ገንዘቡ ከመሰብሰቡ በፊት ዳኛና ጸሐፊ እንደሚመርጥ፣ የቀረና ያጓደለ የሚቀጣበትንም ደንብ እንደሚወስን ሁሉ፣ መሥራቾችም ፍቅር ሳለ ስለ ጠብ ሊነጋገሩ ይገባቸዋል፤ አንዱ አባል ድርሻውን ለውጭ ሰው ሊሸጥ ቢፈልግ የሌሎቹ ፈቃድ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ አባል ቢሞት ወራሾቹ በምን ሁኔታ እንደሚገቡ፣ ሥራ አስኪያጁ ያለ አባላቱ ስምምነት እስከ ምን ያህል ገንዘብ ሊዋዋል እንደሚችል በግልጥ ሊጻፍ ይገባል። ከሌላ ማኅበር የተቀዳ ጽሑፍ ላይ ስም ብቻ ለውጦ መፈረም ዛሬ ጥቂት ገንዘብ ያድናል፤ ነገ ግን በፍርድ ቤት ደጅ ብዙ ዓመት ያስጠናል።

ጽሑፉ ሲያልቅ መሥራቾቹ ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ቀርበው በሹሙ ፊት ይፈርማሉ፤ በውጭ አገር የሚኖር አባል ደግሞ የውክልና ሥልጣኑን በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል አረጋግጦ ይልካል። በገንዘብ የሚዋጣው ካፒታል በተለመደው አሠራር በሚመሠረተው ማኅበር ስም በባንክ በዝግ ሒሳብ ተቀምጦ ባንኩ የማረጋገጫ ደብዳቤ ይሰጣል። ከዚያም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይወጣል፤ የሥራ አድራሻውን የሚያስረዳው የኪራይ ውል ወይም የይዞታ ማረጋገጫም ይቀርባል። በመጨረሻ ማኅበሩ በንግድ መዝገብ ይገባል፤ በሕግ ፊት ህልውና የሚያገኘውም ከዚሁ ምዝገባ ጀምሮ ነው። ይሁንና ምዝገባው ብቻውን ለመነገድ አያበቃም፤ ለሚሠራው የሥራ መደብ የንግድ ሥራ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ሥራው መድኃኒት፣ ምግብ፣ ትምህርት፣ ግንባታ ወይም ይህን የመሰለ ሲሆን ደግሞ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት የብቃት ማረጋገጫ ይቀድማል። የባንክና የኢንሹራንስ ሥራ ግን ለአክሲዮን ማኅበር የተለየ ስለሆነ በዚህ ዐይነቱ ማኅበር ሊሠራ አይቻልም።

ስለ ወጪው ሲነገር አስቀድሞ መለየት ያለበት ካፒታልና ወጪ አንድ አለመሆናቸው ነው። ካፒታል ለመንግሥት የሚከፈል ሳይሆን የማኅበሩ ገንዘብ ነው፤ ምዝገባው ሲፈጸም ከዝግ ሒሳቡ ተለቆ ዕቃ ይገዛበታል፣ ደመወዝ ይከፈልበታል። ለመንግሥት የሚከፈለው ግን በጠቅላላው ቀላል ነው፤ በ1990 ዓ.ም. በወጣው የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110 መሠረት የንግድ ማኅበር መመሥረቻ ጽሑፍ መጀመሪያ ሲፈረም 350 ብር፣ በኋላ ሲሻሻል 100 ብር የተወሰነ ሲሆን፣ የኪራይ ውል ደግሞ ከዋጋው ግማሽ በመቶ ይከፈልበታል። የስም ምርመራው፣ የሰነድ ማረጋገጫው፣ የምዝገባውና የፈቃዱ ክፍያም የጀማሪን ኪስ የሚያራቁት አይደለም። ከበድ የሚለው ወጪ ከመንግሥት መስኮት ውጭ ያለው ነው፤ ይኸውም የሕግ ባለሙያ ዋጋ፣ በቅድሚያ የሚከፈለው የቢሮ ኪራይና ከመጀመሪያው ወር አንሥቶ የሚያስፈልገው የሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝ ነው።

የሒሳብ ሠራተኛው ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ የሚያስፈልግበት ምክንያት ማኅበር፣ ገቢው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ በደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይነት የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ስላለበት ነው። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መሠረት ግብር ከሚከፈልበት ትርፉ ላይ 30 በመቶ ይከፍላል፤ ግለሰብ ነጋዴ እንደሚያገኘው ከግብር ነጻ የሆነ የመነሻ ገቢም የለውም። ከሠራተኞቹ ደመወዝ ግብር ቀንሶ ገቢ ያደርጋል፤ ለጡረታም ከሠራተኛው 7 በመቶ ቀንሶ ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል። ዓመታዊ ሽያጩ በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የተወሰነውን 2 ሚሊዮን ብር ሲደርስም ለተጨማሪ እሴት ታክስ ይመዘገብና ከገዢው 15 በመቶ ሰብስቦ ያስረክባል። እነዚህ ግዴታዎች ማኅበሩ ባይነግድም እንኳ በማስታወቅ የሚፈጸሙ ስለሆኑ፣ አቋቁሞ መተው ቅጣት እየቆጠረ የሚሄድ ዕዳ ማፍራት ነው።

በባሕር ማዶ የሚኖር ወገናችን ደግሞ ሊለየው የሚገባ ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180 መሠረት የውጭ አገር ባለሀብት ብቻውን ሲሠራ ለአንድ ፕሮጀክት በመደበኛው 200,000 የአሜሪካ ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ሲጣመር 150,000 ዶላር መመደብ ይጠበቅበታል። ዜግነቱን ለውጦ በትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ የሚጠቀም ሰው ግን እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት የመቆጠር መንገድ ስለ ተከፈተለት፣ ይህ ከባድ መነሻ ሳይከለክለው ሊገባ ይችላል፤ ስለሆነም በየትኛው ስም እንደሚመዘገብ ገንዘቡን ከመላኩ በፊት ይወስን።

እንግዲህ ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው የኃላፊነት መወሰን ለሐቀኛ ነጋዴ የተሰጠ መብት እንጂ ለማጭበርበር የተፈቀደ መሸሸጊያ አለመሆኑ ነው። የማኅበሩን ገንዘብ ለልጁ ሠርግ የሚያወጣ፣ የግል ዕዳውን በማኅበሩ ቼክ የሚከፍል፣ በዐይነት ያዋጣውን ንብረት ከዋጋው በላይ የሚያስገምት አባል ከለላውን በገዛ እጁ ያፈርሳል። ደረቅ ቼክ የፈረመ ሥራ አስኪያጅም «የፈረምሁት ለማኅበሩ ነው» በማለት ብቻ ከወንጀል ተጠያቂነት አይድንም። ባንክም ለአዲስ ማኅበር ሲያበድር የአባላቱን የግል ዋስትና የመጠየቅ ልማድ ስላለው፣ ያን ዋስትና የፈረመ ሰው በዚያ ብድር ልክ ቤቱን መልሶ ለዕዳ እንዳጋለጠ ይወቅ።

ስለዚህ ማኅበር ለመመሥረት የተነሣህ አንባቢ ሆይ፣ የመንግሥቱ ክፍያ ጥቂት ስለሆነ ከእርሱ ለመቆጠብ አትድከም፤ ይልቁንም ገንዘብህንና ጊዜህን በመመሥረቻው ጽሑፍ ላይ አውል፣ አንቀጹን ሁሉ ከሽርካዎችህ ጋር ተቀምጠህ አንብብ፣ ከምዝገባውም ዕለት ጀምሮ የማኅበሩን ኪስ ከራስህ ኪስ ለይ፤ ሕጉ የሚጠብቅህ አንተ ሕጉን እስከ ጠበቅህ ድረስ ብቻ ነውና።